የጋሽ ቱንቢ የመጨረሻ ግድግዳ

ጋሽ ቱንቢ ቀናቸው መቃረቡን ከሐኪም አፍ በሰሙ ማግስት መጀመሪያ ያደረጉት ነገር አሸዋ ማስመጣት ነው።

ሐኪሙ የደረታቸውን ራጅ ወደ መስኮቱ ብርሃን ከፍ አድርጎ አሳያቸው። ዕድሜ ልካቸውን የተነፈሱት የስሚንቶና የድንጋይ ብናኝ ሳንባቸው ላይ ተጋግሮ ቀርቷል። ከእንግዲህ የሚደረግ ብዙ ነገር የለም፤ ማረፍ ነው አላቸው። አመስግነው ወጡ። ባለቤታቸው ኮሪደሩ ላይ ቦርሳቸውን በሁለት እጃቸው ጨብጠው ይጠብቁ ነበር።

«ምን አለህ?»

«እረፍ አለኝ።»

«ታዲያ እረፋ!»

«አርፋለሁ። መጀመሪያ ግን አንድ ግድግዳ አለብኝ።»

ቱንቢ ግንበኞች የግድግዳን ቀጥ ማለት የሚያዩበት፣ ከክር ጫፍ የሚንጠለጠል ብረት ነው። ስሙን ያወጡላቸው የሥራ ባልደረቦቻቸው ናቸው ይባላል። ጠማማ ነገር አይተው ማለፍ አይሆንላቸውም ነበር። አንድ ጊዜ ለቅሶ ሊደርሱ ሰው ቤት ገብተው፣ ሁሉ አንገቱን ደፍቶ በተቀመጠበት፣ እሳቸው አንድ ዓይናቸውን ጨፍነው የግድግዳውን ማዕዘን በዓይናቸው ሲለኩ ተይዘዋል። ባለቤታቸው ደግሞ ልብስ ሰፊ ናቸው። የሕንፃው ሰው እትዬ መርፌ ይላቸዋል፤ ቀጭን ስለሆኑም ነው፣ ምላሳቸው ስለሚወጋም ነው። አንዲት ደንበኛ ቀሚሱ ጠበበኝ ብላ ብትመጣ፣ «ቀሚሱስ ባለበት አለ፤ የተንቀሳቀስሽው አንቺ ነሽ» ብለው መልሰዋታል። በዚያ ቤት ክፍተት የሚባል ነገር ዕድል አልነበረውም። ባል በስሚንቶ፣ ሚስት በክር፣ ያገኙትን ቀዳዳ ሁሉ ሲደፍኑ ኖረዋል። ልጅ አልወለዱም። እርስ በርሳቸው ግን እንደ ሁለት ልጆች ሲነታረኩ ድምፃቸው እኔ ቤት ድረስ ይሰማ ነበር፤ የምኖረው ከእነሱ አንድ ፎቅ ዝቅ ብዬ ነው።

ከሕንፃችን ጀርባ ግንባታው ሲያልቅ የተረሳ ባዶ መሬት አለ። ነዋሪው ተስማምቶ ለየቤቱ አንድ አንድ መደብ አካፍሎ አትክልት ይተክልበታል። መትከሉን ተከልን፤ አፈሩ ግን አፈር አልነበረም። ሲቆፈር ሚስማር፣ የሸክላ ስባሪ፣ የላስቲክ ቁራጭ ይወጣል። ጎመኑ የጨቅላ ጡጫ ያህላል፤ ከዚያ በላይ አያድግም። በመጨረሻ የአትክልት ቦታው ሰብሳቢ የሆነችው ፀጉር ሠሪዋ ጎረቤታችን አንዲት የግብርና ባለሙያ ለምና አመጣች።

ባለሙያዋ ወጣት ናት። አፈሩን በእጇ አፍሳ፣ አሽታ፣ «ይሄ መሬት ርቦታል» አለች። ከየቤታችን የሚወጣውን ልጣጭና ትራፊ በአንድ ቦታ ከደረቅ ቅጠልና ከሰጋቱራ ጋር እያፈራረቅን ብንከምረው፣ ተብላልቶ ጥቁር አፈር እንደሚሆን ነገረችን። ይህንስ ሰምተን እናውቃለን። ያላወቅነው፣ ክምሩ በደንብ ከተሠራ ከውስጡ እንደሚግል ነው። እሳት ሳይነካው፣ ፀሐይ ሳያየው፣ እጅ የማያስቆይ ሙቀት ከልጣጭ ውስጥ ይወጣል! አፌን ከፍቼ ቀረሁ። በየቀኑ በፌስታል ቋጥረን ስንጥል የኖርነው ለካ ምድጃ ነው።

«ሦስት ክፍል ያለው የጋራ ማከማቻ ያስፈልጋችኋል» አለች። «አንዱ የሚሞላ፣ አንዱ የሚብላላ፣ አንዱ የደረሰው የሚወጣበት። አሮጌ ጣውላ ካላችሁ ይበቃል። በጣውላዎቹ መሃል ደግሞ…»

«ጣውላ?» አሉ ጋሽ ቱንቢ። የተቀመጡበትን ድንጋይ ለቀው ተነሡ። «ልጄ፣ እኔ እዚህ ተቀምጬ ጣውላ?»

ሁላችንም ሳቅን። ባለሙያዋም ሳቀች። በጣውላዎቹ መሃል ምን ልትል እንደ ነበር የጠየቃት የለም። መኪና ይጠብቃት ነበርና ሳትጨርሰው ሄደች።

ይህ የሆነው ከሐኪሙ በፊት ነው። ከሐኪሙ በኋላ ግን ቀልዱ ቁም ነገር ሆነ። ሁለተኛ ፎቅ የሚኖረው ሹፌር አሸዋውን በጭነት መኪናው አምጥቶ ሲገለብጥ፣ ፀጉር ሠሪዋ እጇን ወገቧ ላይ አድርጋ መጣች።

«ጋሼ፣ ይረፉ ተብለው የለም እንዴ?»

«ስሚኝ ልጄ» አሉ። «ስንት ቤት እንደ ሠራሁ ቆጥሬ አላውቅም። ቁልፉ ለባለቤቱ ከተሰጠ በኋላ ግን ወደ አንዱም ተመልሼ አልገባሁ። ዘበኛው በር ላይ ማንን ፈለጉ ይለኛል። ምን ልበለው? ግድግዳውን? የሠራሁት ቤት ሰው ይሙቀው፣ ይብረደው አላውቅም። ይሄ እንኳ ከመስኮቴ ሥር ነው። ሲግል በእጄ ልንካውና ልሂድ።»

ሌላ ነገር አልጠየቁም። ከዚያን ቀን ጀምሮ ሕንፃው ሁሉ ይህን አወቀ፤ ጋሽ ቱንቢ ክምሩ ሲግል በእጃቸው መንካት ይፈልጋሉ፣ ትንፋሻቸው ደግሞ አጭር ነው።

ሲገነቡ ማየት ያስገርም ነበር። ቀለም ያለቀበት ትልቅ ቆርቆሮ ደፍተው ይቀመጣሉ። እትዬ መርፌ አሸዋውን በወንፊት ነፍተው፣ ከስሚንቶ ጋር አቡክተው ያቀብሏቸዋል። በካዞላቸው፣ በግንበኛ ማንኪያቸው፣ አንዴ ጨለፍ ያደርጋሉ፣ ብሎኬቱን ያሳርፋሉ፣ በካዞላው እጀታ ቀስ ብለው ራሱን መታ መታ ያደርጉታል፤ ልጅ እንደሚያስተኙ ሁሉ። ከዚያ ያስላሉ። ሳሉ ሲያልፍ ወደሚቀጥለው። ሚስትየው ጀርባቸውን ዞረው ወንፊቱን የሚያራግፉ ይመስላሉ፤ ግን ሳሉ እስኪያበቃ የሚራገፍ ነገር በወንፊቱ ውስጥ አልነበረም።

ሹፌሩ ብሎኬት እያቀበለ ዝም ማለት አይችልም።

«ጋሽ ቱንቢ፣ ለድንች ልጣጭ እኮ ነው! ቪላ አደረጉት። እኔ ራሴ ብከራየውስ?»

«አንተ መሪ ጨባጭ፣ ጠማማ መንገድ ስለ ለመድክ ቀጥ ያለ ነገር ያስደነግጥሃል።»

«ውስጡንም ሊለስኑት ነው እንዴ?»

«ታዲያስ! ልጣጩ ነው ብለህ ነው? የእኔ ግድግዳ እኮ ነው።»

ለሰኑትም። ውስጡም ውጩም እንደ ሸክላ ሳህን ተለሰነ። የፊት ለፊቱን በር አናጢ አስመጥተው ወረቀት የማያሳልፍ አስደረጉት። ከላይ የቆርቆሮ ክዳን አጠለቁለት። መጨረሻ ላይ አንድ ዓይናቸውን ጨፍነው በማዕዘኑ በኩል አዩና፣ «አንቺ፣ ነዪ እይልኝ» ብለው ሚስታቸውን ጠሩ። በሥራ ዘመናቸው ሁሉ እንዲህ ነበሩ። ውሃ ልኩም ቱንቢውም ደህና ነው ካሏቸው በኋላ፣ እትዬ መርፌን ሳይጠይቁ አያምኑም። ሴትየዋ ለማንም ብለው የማይዋሹ መሆናቸውን ያውቃሉ። እትዬ መርፌ ዞር ዞር ብለው አዩት።

«ቀጥ ብሏል» አሉ። «ከአንተ ይሻላል።»

በሚቀጥለው እሁድ ከየቤቱ የመጣው ባልዲ ተሰልፎ የመጀመሪያው ክፍል ተሞላ። ሰጋቱራ፣ ልጣጭ፣ ደረቅ ቅጠል፣ እንደገና ልጣጭ። ክዳኑ ተከደነ። ጋሽ ቱንቢ በየማለዳው ደረጃውን ወርደው፣ የሸሚዛቸውን እጅጌ ጠቅልለው፣ ክንዳቸውን እስከ ክርናቸው ያስገባሉ። ዓይናቸውን ይጨፍናሉ። ከዚያ ያወጡና በጨርቅ ይጠርጋሉ። «ገና ነው» ይላሉ።

ገና ነው፣ ገና ነው እያሉ ደረጃው ራሱ ረዘመባቸው። መጀመሪያ አንድ ፎቅ ላይ፣ ቀጥሎ በየፎቁ እያረፉ ወረዱ። በኋላ መውረዱን ተዉትና በመስኮት ይጠይቁን ጀመር። «እንዴት ነው?» ይሉናል ከላይ። ድምፃቸው ሲጠፋ በቅንድባቸው ጠየቁ። እኛም ከታች በትከሻችን መለስን። በሕይወቴ እንደዚያ የከበደኝ ትከሻ የለም።

ሐሳቡ የተወለደው ፀጉር ቤቱ ውስጥ ነው። ፀጉር ሠሪዋ የአንዲት ደንበኛ ጭንቅላት ገንዳው ላይ ደፍታ ሙቅ ውሃ ታፈሳለች። እንፋሎቱ ፊቷን ሲነካት ቆም አለች፤ ቧንቧውን ሳትዘጋ። እኔ ወንበር ላይ ተራ እየጠበቅሁ ነበር፤ ሹፌሩ ደግሞ በሩ ላይ ተደግፎ ወሬ ያወራል።

«አንድ ቀን ብቻ» አለች፣ ለማንም ሳይሆን ለእንፋሎቱ። «አንድ ቀን ብቻ ሙቅ ውሃ ብናፈስበት፣ ነክተውት ደስ ይላቸዋል።»

«አቃጠልሽኝ!» አለች ደንበኛዋ ከገንዳው ውስጥ።

ለእትዬ መርፌ ልንነግራቸው ሦስታችን አብረን ወጣን። ቤታቸው አንድ ክፍል ነው ማለት ይቻላል። አልጋው በመስኮቱ በኩል፣ የስፌት መኪናው በእግርጌው፣ ያላለቁ ልብሶች በግድግዳው ላይ ተሰቅለው እንግዳ መስለው ቆመዋል። ጋሽ ቱንቢ ተኝተው ነበር። በሹክሹክታ ነገርናቸው። እትዬ መርፌ መርፌያቸውን አላቆሙም።

«ውሸት ነው እኮ» አሉ።

«ውሃ ነው እንጂ ውሸት አይደለም እትዬ» አለ ሹፌሩ።

ሴትየዋ ባላቸውን አዩ። የብርድ ልብሱ ከፍ ዝቅ ማለት የማይታይ ያህል ነበር። ክሩን በጥርሳቸው በጠሱና ልብሱን ጭናቸው ላይ አጣጠፉት።

«ስንት ድስት ይበቃል?» አሉ።

በማግስቱ ጠዋት እትዬ መርፌ ያፈሉትን ውሃ ተቀባብለን አወረድንና ክምሩ መሃል አፈሰስነው። ሹፌሩና እኔ ጋሽ ቱንቢን በፕላስቲክ ወንበር ላይ አድርገን በደረጃው አወረድናቸው። ክብደት አልነበራቸውም፤ ሹፌሩ ፊቱን አዙሮ ነው የተሸከመው። ክዳኑን ስናነሣ እንፋሎቱ ፊታቸው ላይ ወጣ። እጃቸውን አስገቡ።

ያን ፊት እንዴት አድርጌ እጽፈዋለሁ? ግንባራቸው ላይ የነበረው መስመር ሁሉ ቦታውን ለቀቀ። «ወይኔ!» አሉ። «ግሏል! አያቃጥልም እንዴ ጎበዝ!» ሳቁ፣ አስላቸው፣ እያሳላቸውም ሳቁ። ሁላችንንም በተራ እየጠሩ እጃችንን አስነከሩን። እኛም ተገረምን፤ ምላሳችን በአፋችን እስኪገለበጥ ተገረምን። በመጨረሻ የሚስታቸውን እጅ ይዘው ከራሳቸው እጅ ጋር ወደ ውስጥ አስገቡት።

«ሞቋል አይደል?»

እትዬ መርፌ የባላቸውን ፊት አዩ።

«ሞቋል» አሉ።

ያን ዕለት ጋሽ ቱንቢ ከሰሞኑ ሁሉ በላይ በሉ፣ ሐሳብ ሳይቆራርጣቸው ተኙ። እኛም ጥሩ ነገር አደረግን ብለን ተለያየን። ያላሰብነው፣ ደስታ ነገም ድገመኝ እንደሚል ነው። በማግስቱ ማለዳ እትዬ መርፌ በሬን አንኳኩ። ፀጉራቸው አልተበጠረም።

«ውሰዱኝ ይላል» አሉ። «ደግሜ ልንካው ይላል። ምን ላድርግ?»

ምን ይደረጋል? ድስቱ ተጣደ። በማግስቱም ተጣደ። እንዲያ እየሆነ ሰነበተ። እትዬ መርፌ ሲጣደፉ የግራ እጃቸው አንጓ ላይ ውሃው ፈሰሰባቸውና ቆዳው ተላጠ። ጋሽ ቱንቢ አይተው «ምን ነካሽ?» ቢሏቸው «ካውያ» ብለው መለሱ። ጋሽ ቱንቢ ቁስሉን ትኩር ብለው አዩት። ካውያ ጠርዙን ጥሎ ያልፋል፤ ይህ ግን እንደ ውሃ ፈስሶ የወረደ ነው።

ክምሩ ግን መሽተት ጀመረ። መጀመሪያ ለእኛ ብቻ፣ ቀጥሎ ለታችኛው ፎቅ፣ ቀጥሎ ለመንገደኛው። ፀጉር ሠሪዋ ባለሙያዋን ደግማ ጠራቻት። ከጋሽ ቱንቢ ጋር እንዳይገናኙ ያሰብነው ሁሉ ሳይሳካ ቀርቶ፣ ባለሙያዋ የደረሰችው ጋሽ ቱንቢ በወንበራቸው ላይ ክምሩ አጠገብ ተቀምጠው ሳሉ ነው። ዱላ ወደ ውስጥ ሰደደች፣ አወጣችው፣ አሸተተችው።

«ማነው ውሃ ያፈሰሰበት?» አለች። «ያውም ሙቅ! ቀቅላችሁታል እኮ። የሚያሞቁት በውስጡ ያሉ፣ በዓይን የማይታዩ ደቂቅ ሕያዋን ናቸው፤ እነሱ ሞተዋል።»

ሹፌሩ ጫማውን አየ። ፀጉር ሠሪዋ ጥፍሯን አየች። ጋሽ ቱንቢ ደግሞ የሚስታቸውን የግራ እጅ አንጓ አዩ።

ባለሙያዋ ነገሩ አልገባትም፤ ቀጠለች። «ውሃው ባይኖርም ደግሞ አይግልም ነበር። አየር የለውም። ዙሪያውን ዘጋችሁት። በጣውላዎቹ መሃል ክፍተት ተዉ ልላችሁ ነበር እኮ ያኔ። ይሄ ነገር እንደ ሰው ነው፣ ካልተነፈሰ አይሞቅም።» ያን ጊዜ ጋሽ ቱንቢ ሲተነፍሱ ሰማችና አፏን በእጇ ያዘች። «ግድግዳው ግን በጣም ያምራል» አለች፣ ቀስ ብላ።

«ማማሩን ተይው ልጄ» አሉ ጋሽ ቱንቢ። «የትኞቹን ላንሣ?»

በጠመኔ ምልክት አደረገችበት። በየመደዳው አንድ ተዘሎ አንድ። መሮና መዶሻ አስመጡ። መሮውን ልስኑ ላይ አሳርፈው አንዴ መቱ። ደገሙ። ከዚያ መዶሻው ጭናቸው ላይ ወረደና ትንፋሻቸው እስኪመለስ ሁላችንም ቆመን ጠበቅን። መዶሻውን ወደ ሚስታቸው ዘረጉ።

«ነዪ፣ አንቺ ምቺ።»

«እኔ? ያንተን ግድግዳ?»

«ውሃ ከማፍላት አይከብድም» አሉ።

ከዚያ ሌላ የወቀሳ ቃል ከአፋቸው አልወጣም። እትዬ መርፌ መዶሻውን ተቀበሉ። መቱ። ከንፈራቸውን ነክሰው፣ ፊታቸው በአቧራ ተለስኖ፣ እንባቸው በአቧራው ላይ መንገድ እያወጣ መቱ። ስሚንቶው አልለቅ አለ። ሹፌሩ ሊያግዝ ገብቶ ሸሚዙ በላብ ራሰ።

«ማነው እንዲህ አድርጎ ያጠበቀው!» ብሎ ጮኸ።

«እኔ ነኝ» አሉ ጋሽ ቱንቢ። «ይቅርታ።»

ሳቅን፤ ወዲያውም ወደ መዶሻው ተመለስን። ከሰዓት በኋላ ግድግዳው እንደ እርግብ ቤት ተበሳሳ። የሞተው ክምር ወጥቶ ተዘረጋ፣ ደረቅ ቅጠልና አዲስ ልጣጭ ተደባልቆበት ተመለሰ። ጋሽ ቱንቢን ወደ ላይ ስንወስዳቸው ወደ ኋላ ዞረው አላዩም።

ዳግመኛ አልወረዱም። መስኮቱም ተዘጋ፤ ነፋሱ ያሳላቸዋል። ጎረቤት ሊጠይቅ ሲገባ ስለ ሌላ ነገር ያወራል። ስለ ክምሩ የሚጠይቅም የሚመልስም ጠፋ።

አንድ ማለዳ የፀጉር ሠሪዋ ጩኸት ቀሰቀሰን። ሰው የሞተ መስሎኝ በባዶ እግሬ ወረድኩ። ግድግዳው ፊት ቆማለች። ከየቀዳዳው ነጭ እንፋሎት እየወጣ፣ በቀዝቃዛው አየር ውስጥ እንደ ክር ይፈታል። ክንዴን አስገባሁ፤ ወዲያው አወጣሁት። እውነተኛ ትኩሳት ነበር፤ እንደ ታመመ ልጅ ግንባር። ማንም ያላፈላው፣ ከሽንኩርትና ከቅጠል የተወለደ ሙቀት! ሹፌሩ በእጁ ነክቶ ሲያበቃ በጉንጩ ነካው። እትዬ መርፌ ነጠላ ጫማቸው እየወለቀ ደረሱ፣ እጃቸውን እስከ ትከሻቸው አስገቡ።

«እናውርዳቸው!» አለ ሹፌሩ።

«አይችልም» አሉ። «ቀና ማለት እንኳ አይችልም።»

«እንግዲያው እኛ እንውሰድላቸው!» አለች ፀጉር ሠሪዋ።

ባልዲ መጣ። ከክምሩ ልብ፣ እንፋሎቱ ከሚወጣበት ቦታ ሞላንና እትዬ መርፌ የራሳቸውን ሹራብ አውልቀው ጠቀለሉት። ሹፌሩ ደረጃውን ሁለት ሁለት እየዘለለ ወጣ። እኛ ከኋላው። ሙቀት እንደዚያ ሲሸሽ አይቼ አላውቅም፤ በየፎቁ ከባልዲው አፍ የሚወጣው እንፋሎት እየሳሳ ሄደ። አልጋው ዘንድ ስንደርስ እንፋሎት አልነበረም።

ጋሽ ቱንቢ ዓይናቸውን ገለጡ።

«ግሏል!» አሉ እትዬ መርፌ ተንበርክከው። «በራሱ ጊዜ ግሏል! አመጣንልህ፣ ንካው!» እጃቸውን ይዘው ወደ ባልዲው አስገቡት። እርጥብ፣ ለብ ያለ ነገር ነበር። ጋሽ ቱንቢ ጣቶቻቸውን በውስጡ አንቀሳቀሱ። ፈገግ አሉ።

«ሞቋል» አሉ። ከዚያ ዓይናቸው ወደ ሚስታቸው አንጓ ሄደ፤ አዲሱ ቆዳ ገና ሮዝ ነው። «ዛሬስ ስንት ድስት አፈላሽ?»



«አንድም!» አሉ እትዬ መርፌ። «እኔ ልሙት አንድም! ጠይቃቸው!»

«ዓይኔን ይንሳኝ ጋሼ» አለ ሹፌሩ። «በዚህ እጄ ነክቼዋለሁ። አቃጥሎኛል።» እጁን ዘረጋ፤ እጁ ላይ የሚታይ ነገር አልነበረም። ፀጉር ሠሪዋ ማለች። እኔም ማልኩ። ያኔም በክምሩ ዙሪያ ቆመን እንዲሁ ተራ በተራ ተገርመን ነበር፤ ድምፃችንም ያው ነበር፣ ፊታችንም ያው።

«እሺ» አሉ ጋሽ ቱንቢ።

«እሺ ብለህ እንዳትተወኝ! አምነኸኛል?»

«አንቺን?» አሉ፤ ትንፋሽ ጠበቁ። «መቼ ሳላምንሽ ቀርቼ።»

ባልዲው ውስጥ ካልነበረው እጃቸው በአንዱ ጣት ቁስሉን ዳሰሱላቸው። ያን ጊዜ ገባኝ። አሁን፣ እኛን ለማስደሰት፣ ድስቱን የጣዱት እሳቸው ነበሩ። እትዬ መርፌም ገባቸው፤ የዚያን ሰው ድምፅ ከማንም በላይ ያውቁታል። የባላቸውን እጅ በባልዲው ውስጥ እንደ ያዙ፣ አፈሩ ጨርሶ እስኪበርድ ከወለሉ አልተነሡም።

ጋሽ ቱንቢ በዚያው ሳምንት አረፉ።

ክምሩ አሁን ደርሷል። ጥቁር፣ ፈርፈር የሚል፣ የዝናብ ማግስት የሚሸት አፈር ሆኗል። የምናከፋፍልበት ቀን ሁላችንም ባልዲ ይዘን ተገኘን። እትዬ መርፌም ጥቁር ልብሳቸውን ለብሰው መጡ። መደባቸው ላይ ምን እንደሚተክሉ ፀጉር ሠሪዋ ብትጠይቃቸው አልሰሟትም። የተበሳሳውን ግድግዳ ይዘው ቆመዋል።

«እናንተ ነክታችሁት የለ?» አሉ።

«ነክተነዋል እትዬ።»

«ግሎ ነበር።»

«ግሎ ነበር።»

«እሱም ነክቶታል።» ወደ እኛ ዞሩ። «አመነ ትላላችሁ?»

ሹፌሩን አየሁት። ለሁሉ ነገር ቃል የማያጣው ሰው የአካፋውን አፈር በጫማው ጫፍ ይጠርጋል። ፀጉር ሠሪዋ አቀረቀረች። አዎ ማለት እንዴት ቀላል ነበር፤ አንዲት ቃል፣ አንድ ድስት ውሃ።

ማናችንም አዎ አላልናቸውም።

እትዬ መርፌ ጠበቁን። ሲበቃቸው ራሳቸውን ነቅነቅ አደረጉና ባልዲያቸውን አቀረቡ። ሹፌሩ አካፋውን አንሥቶ መጀመሪያ የእሳቸውን ሞላላቸው።